አገራቸውን የሰጡ ልጆች

እማሆይ ወለተ ማርያም ቤት ሲያከራዩ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "ትጮሃለህ ወይስ አትጮህም?" እስቲ አሁን በእግዜር፣ "አዎ፣ እጮሃለሁ" ብሎ የሚመልስ ልጅ የት ይገኛል? ሁሉም አንገቱን ሰበር አድርጎ "ኧረ እኔ ድምፄም አይሰማ፣ እማሆይ" ይላል። ከገባ በኋላ ግን ግቢው ከገበያ ቀን አይለይም። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ፣ ከዳዊታቸው በቀር ጫጫታ የማይወዱ ሴት ናቸው። ደብረ ማርቆስ ያለውን ግቢያቸውን ከየወረዳው ለትምህርት ለሚመጡ ልጆች ያከራያሉ። ከኪራዩ ይልቅ ጸጥታ ቢያገኙ የሚመርጡ ይመስለኛል።

ይህ የምነግራችሁ የየኔአለም ታሪክ ነው። የኔአለም ከደብረ ኤልያስ መጥታ ዘጠነኛ ክፍል የገባች፣ ምላሷ የተሳለ፣ ጭንቅላቷም ከምላሷ የማያንስ ልጅ ነበረች። የምትኖረው ከደጀን ከመጣችው ከሂዊ ጋር ነው። ከእነሱ ማዶ ከሉማሜ የመጡት እንዳላማው እና ጌቱ አንድ ክፍል ይዘዋል። ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ባዘዘው ብቻውን ይኖራል፤ ከአማኑኤል ከተማ የመጣ ነው፣ ለየኔአለም የአክስቷ ልጅ።

ባዘዘው ዓይነ አፋር ነበር። ሲናገር መሬት መሬት ያያል። መምህር ስሙን ሲጠራ እንኳ "አቤት" የሚለው ጎኑ የተቀመጠው ልጅ ብቻ እንዲሰማው ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ እናቱ ሥራነሽ የኔአለምን መናኸሪያው ጥግ ይዛ፣ "ይኼ ልጅ ቢርበውም ቢያመውም አይናገር። አንቺ እንደሆንሽ አፍ አለሽ። አደራሽን፣ በሰው አገር አፍ ሁኚው" አለቻት። የኔአለምም "አታስቢ አክስቴ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል!" አለች አፏን ሞልታ። ወይ አፍ! ቃል ሲገባበት እንዴት ይጣፍጣል።

ያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ስልክ ሰዓት ከማየት በቀር የማይረባ ዕቃ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ሽሮው እስኪንተከተክ ድረስ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንቆቅልሽ ይጫወቱ ጀመር። ጨዋታውን ታውቁታላችሁ። አንዱ "እንቆቅልህ?" ይላል፤ ሌላው "ምን አውቅልህ?" ይላል፤ ጠያቂው ይጠይቃል። መላሹ ካቃተው "አገር ስጠኝ" ይባላል። የተሸነፈው አንድ አገር ይሰጣል፤ አሸናፊውም "እዚያ አገር ገብቼ ምን አጥቼ!" እያለ በተሸናፊው ላይ እንደ ልቡ ይቀልድበታል። ሰው ታዲያ የሚሰጠው ረግጦት የማያውቀውን አገር ነው። ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፣ ጅማን ይሰጣል። ምን ቸገረው፣ የሱ አይደለ!

የኔአለምን ያናደዳት ይኸው ነበር። አንድ ቀን ብድግ አለችና፣ "እንዲህማ ጨዋታ አይሆንም። ሁላችሁም የማታውቁትን አገር ትበትናላችሁ" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ የሚሰጠው የራሱን አገር ይሁን። እኔ ከተሸነፍኩ ደብረ ኤልያስን እሰጣለሁ። አገሩን የሰጠ ደግሞ እስከ ማግስቱ ላሸነፈው ይታዘዝ። ውሃ ቅዳ ከተባለ ይቅዳ፣ ድስት እጠብ ከተባለ ይጠብ። በማግስቱ አገሩ ይመለስለትና እንደ አዲስ ይጀመራል።"

"እልልል!" አለ ጌቱ። ጌቱ ለማንኛውም ነገር እልል የሚል ልጅ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዴት ያለ ጨዋታ ሆነ መሰላችሁ! ሂዊ ሉማሜን ስታሸንፍ ጌቱ የሷን ነጠላ ተከናንቦ፣ ጀሪካን ተሸክሞ፣ እየተውረገረገ ከቧንቧው ሲመለስ የጎረቤት ሰው ሁሉ አጥር ላይ ወጥቶ ሳቀ። ባዘዘውም አንድ ጊዜ ደብረ ኤልያስን አሸንፎ "በል እዘዝ" ቢባል መሬት መሬት እያየ "በቃ፣ ዛሬ የሷን ውሃ እኔ ልቅዳላት" አለ። እንዴት ሳቁበት! "ንጉሥ ሆኖ ውሃ የሚቀዳ!" እያሉ። የኔአለምም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች፤ ግን ውሃውን ቀዳላት።

ከሁሉም እንቆቅልሽ የሚችለው እንዳላማው ነበር። አያቱ በሰፈራቸው የታወቁ ጨዋታ አዋቂ ስለነበሩ ከሳቸው የወረሰው አያልቅበትም። እንዳላማው ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይኼን አደራ ልብ በሉልኝ። ከቤቱ ዳቦ ሲመጣለት ቆርሶ ለሁሉም የሚሰጥ፣ ጌቱ ባመመው ጊዜ ጤና ጣቢያ ድረስ አዝሎ የወሰደው ልጅ ነው። ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ ቀናውና ሁሉንም ተራ በተራ አሸነፈ። ደጀንንም፣ አማኑኤልንም፣ በመጨረሻ ደብረ ኤልያስንም ወሰደ። ጌቱ የአገሩ ልጅ ስለሆነ "የኔ ሉማሜ ከድሮም የሱ ነው" ብሎ ሳይጠየቅ ሰጠው።

እንዳላማው ታዲያ ያን ቀን ውሃ ቅዱልኝ አላለም። "የማድ ቤቱን ነገር ነው የማዘው" አለ። እውነቱን ለመናገር የማድ ቤቱ ነገር ጉድ ነበር። አንድ ምድጃ ነው ያለው። አንዱ የሌላውን ድስት አውርዶ የራሱን ይጥዳል፣ የአንዱ ጨው በሌላው ወጥ ይገባል፣ በየቀኑ ጭቅጭቅ ነው። እንዳላማው ለሁሉም ተራ አወጣ፤ ማን መቼ እንደሚጥድ፣ ማን አመድ እንደሚጠርግ፣ ማን እንጨት እንደሚፈልጥ ነገራቸው። በማግስቱ ግቢው ጸጥ አለ። እማሆይ መስኮታቸውን ከፍተው "ልጆቹ የት ሄዱ?" እስኪሉ ድረስ።

ነገሩን ሲሰሙማ ደስታቸውን አልቻሉትም። እንዳላማውን ጠርተው ግንባሩን ሳሙትና የማድ ቤቱን ቁልፍ አወጡ። "አንተ ያዘው፣ ልጄ። እግዜር ያሳድግህ። እንዳንተ ያለ ምራቁን የዋጠ ልጅ ሲገኝ ነው ዳዊቴን ሳላቋርጥ የምደግም" አሉት። እንዳላማው ቁልፉን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር እኮ። ቁልፍ ግን ጨዋታ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ እንደልማዳቸው ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ። "በል፣ አገራችንን መልስና እንጀምር" አለች ሂዊ።

"ቆይ እስቲ" አለ እንዳላማው። "ፈተና ደርሷል። ትናንትናና ዛሬ ማንም ከማንም ተጣላ? አልተጣላም። ይኼን ሰላም አፍርሰን ወደዚያ ጭቅጭቅ እንመለስ? እስከ ፈተና ድረስ እንዲሁ ይቆይ። የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።"

ጌቱ ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። ሂዊም አወጣች። የኔአለምም አወጣች፤ አንደኛ መውጣት ትፈልግ ነበርና ጸጥታው ተስማምቷታል። ባዘዘው ብቻ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ "ከፈተና በኋላ ይመለሳል?" ብሎ ጠየቀ።

"ይመለሳል እንጂ! ምን ሊሆን ነው?" አለ እንዳላማው። ከዚያ ወደ የኔአለም ዞሮ፣ "ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ስለሆንሽ ምክትሌ ነሽ። የማድ ቤት ተራም አንቺ ቅድሚያ ትወስጃለሽ፣ ቶሎ በልተሽ እንድታጠኚ" አላት። እሷም "ደግ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አንድ ቀን በድንገት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ስቀውበት ይበተኑ ነበር። የመጣው ግን በጥቂት በጥቂቱ ነው። መጀመሪያ "እኔ ሳጠና ግቢ ውስጥ አትሳቁ" አለ፤ ጥሩ፣ ፈተና ነው። ቀጥሎ "ውሃ ሲመጣ የኔ ጀሪካን ይቅደም" አለ፤ እሺ፣ የሚለፋው ለሁሉም ነው። ቀጥሎ "እኔ ሳልፈቅድ እንቆቅልሽ የለም" አለ። ጌቱ ለቀልድ "እሺ ጃንሆይ" ይለው ነበር። መጀመሪያ እንዳላማው ራሱ ከት ብሎ ይስቅ ነበር። ቆይቶ ሲባል መሳቁን ተወ። በኋላ ደግሞ ሳይባል ሲቀር ፊቱ ይለዋወጥ ጀመር።

ፈተናው አለፈ፤ "ውጤት እስኪሰጥ እንቆይ" አለ። ውጤት ተሰጠ፤ "እንግዲህ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተጀመረ፣ አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል" አለ። ማንም ምንም አላለም። የኔአለም ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ነበር። ማድ ቤቱ ገና ሲከፈት ቀድማ ትጥዳለች፣ ቀድማ ትበላለች፣ ቀድማ ታጠናለች። የባዘዘው ተራ የመጨረሻ ነው። እሱ ጋ ሲደርስ ፍሙ አልቆ አመድ ብቻ ይቀራል፤ እንዳላማውም "ሰዓት አልፏል" ብሎ በሩን ይቆልፋል። ባዘዘው ያን ሰሞን የሚበላው በቀዝቃዛ ውሃ የበጠበጠውን በሶ ነበር። የኔአለም ይኼን ታውቃለች። በየቀኑ "ነገ እነግረዋለሁ" ትላለች፤ በማግስቱም "ዛሬ ፊቱ ጥሩ አይደለም" ብላ ትተወዋለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ባዘዘው ከክፍሉ ወጣና እንዳላማው ፊት ቆመ።

"እንቆቅልህ?" አለው።

ሂዊ የምትልጠውን ድንች እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። እንዳላማውም ሳያስበው፣ ከልማድ የተነሣ፣ "ምን አውቅልህ?" ብሎ መለሰ።

"ሲጠግብ ይቆማል፣ ሲርበው ይተኛል።"

እንዲህ ያለ ቀላል እንቆቅልሽ! ጆንያ ነው። በየሳምንቱ ስንቃቸውን ከየቤታቸው በጆንያ የሚያመላልሱ ልጆች ናቸው፤ ሂዊም፣ ጌቱም፣ የኔአለምም ወዲያው ገብቷቸዋል። እንዳላማው ግን ከተጠየቀ ቆይቷል፤ ማን ይጠይቀዋል? "ሰው" አለ። ባዘዘው ራሱን ነቀነቀ። "በሬ" አለ። "አይደለም።" "ፈረስ ነዋ!" አለ እንዳላማው በቁጣ። ጌቱ ሳቁን ሊውጥ ብሎ ትን አለው።

"ጆንያ ነው" አለ ባዘዘው። "አገር ስጠኝ። የራሴን አማኑኤልን ብቻ ስጠኝ፣ ሌላ አገር አልፈልግም። ተራዬንም ቀድሞ ወደነበረበት መልስልኝ።" ያን ቀን መሬት መሬት አላየም። ድምፁም እማሆይ መስኮት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እንዳላማው ፊቱ ደም መሰለ። ግራና ቀኝ አየና የኔአለም ላይ ዓይኑን ጣለ። "ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ፍረጂ" አላት።

ባዘዘውም ወደሷ ዞረ። እንዲያውም ትንሽ ፈገግ አለ፤ እፎይ ያለ መሰለ። ዳኛዋ የአክስቱ ልጅ ሆና ምን ያሰጋዋል?

የኔአለም ምን ማለት እንዳለባት ጥርት አድርጋ ታውቅ ነበር። "ተሸንፈሃል፣ መልስለት" ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን የማድ ቤቱ ቅድሚያ ታሰባት፣ ነገ የሚጠብቃት የሒሳብ መልመጃ ታሰባት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዳላማው አኩርፎ ነገሩን ወደሷ ሲያዞረው ታያት። ለትንሽ ነገር ግቢው ለምን ይታመሳል ብላ ራሷን አባበለች። ከዚያም አንገቷን ደፍታ፣ "ጨዋታው እኮ ተዘግቷል። ስለዚህ አይቆጠርም" አለች።

 ባዘዘው ለአፍታ አያትና ሄዶ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። እንዳላማው ግን ልቡ ሞላ። "ሳይፈቀድለት እንቆቅልሽ ጠይቋል። ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ድረስ ማንም እንዳያናግረው። ያናገረው ማድ ቤት አይገባም" አለ። ጌቱ እልል አላለም፤ ግን እሺ አለ።

አያችሁ፣ በእኛ አገር ሰላምታ የሚነሳሳው ደመኛ ብቻ ነው። ገበያ ላይ የተጣላ ሰው እንኳ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲገናኝ "እንዴት አደርህ" ይባባላል፤ ያለዚያ የቤቱ ሰው ሁሉ ያፍርበታል። እነዚህ ልጆች ግን ከአንድ ቧንቧ እየጠጡ ባዘዘውን ሰላምታ ነሱት። እሱ ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ከፍቶ ይወጣና "እንዴት አደራችሁ" ይላል። ሂዊ ጫማዋን ታስራለች። ጌቱ ሰማይ ያያል። የኔአለም ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። እሱ ግን በማግስቱም ወጥቶ "እንዴት አደራችሁ" ይላል።

የኔአለም አንጀቷ አልችል አላት። አንድ ቀን ከደብረ ኤልያስ የመጣላትን ዳቦ ከፈለችና በፌስታል አድርጋ፣ ማንም ሳያያት በሩ ሥር አስቀመጠችለት። አደረግሁ ብላ ቀለል አላት። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ግቢ ውስጥ ቆመው ሳለ ባዘዘው ወጣና "የኔአለም፣ እንዴት አደርሽ። ስለ ዳቦው እግዜር ይስጥልኝ" አላት።

እንዳላማው ቀና አለ። "የምን ዳቦ?" አለ።

"እኔ እንጃ" አለች የኔአለም። "ለማን እንደሚያወራ እኔ እንጃ።" እናም በባዘዘው ፊት፣ እንደማታውቀው መንገደኛ፣ አልፋው ሄደች። ትምህርት ቤት እስክትደርስ ድረስ ጆሮዋ ይነድ ነበር። ያን ቀን መምህሩ የተናገረውን አንድም ቃል አልሰማችም። ቅዳሜን ጠብቃ፣ ሁሉም ስንቅ ለማምጣት ወደየቤቱ ሲበተን፣ መናኸሪያው ላይ ባዘዘውን ብቻውን አግኝታ ልትነግረው አሰበች። "እንዳላማውን ተው እለዋለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ" ልትለው። ቅዳሜ መናኸሪያው ስትደርስ የአማኑኤሉ ሚኒባስ ተነሥቷል።

ሌሎቹ እሑድ ጆንያቸውን ተሸክመው ተመለሱ። ባዘዘው አልተመለሰም። ሰኞ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ "አቤት" የሚል ጠፋ። የኔአለም ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ በሩን ብታንኳኳ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ወደ እማሆይ ሮጠች።

"ሄደ እኮ፣ ልጄ" አሉ እማሆይ። "ቁልፌን አስረክቦኝ፣ እግሬን ስሞ ሄደ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ! አሁን አሁንማ ድምፁንም ሰምቼው አላውቅ። እንዲህ ያለ ተከራይ ከየት ይገኛል?"

"ለምን እንደሄደ አልጠየቁትም?" አለች የኔአለም።

"ምን ብዬ? ጸጥ ያለ ልጅ ምን ይጠየቃል?" አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

የኔአለም ከእማሆይ ቤት ስትወጣ እንዳላማው ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሂዊና ጌቱ የሱን ጀሪካኖች ይዘው ውሃ ሊቀዱለት ሲነሡ ነበር።

"ቁልፉን አምጣ" አለችው።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። አምጣ። ከዛሬ ጀምሮ አልታዘዝም። ማድ ቤት ባትፈቅድልኝም በሶዬን በጥብጬ እበላለሁ፤ ባዘዘው ሲበላው ከርሟል።"

እንዳላማው ወደ ጌቱ ዞረ። "ጌቱ!" አለ። ጌቱ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ሂዊ ዞረ። ሂዊም የያዘችውን አስቀመጠች። እንዳላማው ክሩን ከአንገቱ አወጣና ቁልፉን ለየኔአለም ዘረጋላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ጩኸት የለ፣ ድብድብ የለ። ጭልፋ የመዋዋስ ያህል ቀላል ነበር።

እንዳላማውም ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ። ከሁሉም ረጅሙ፣ ድምፁ የጎረነነው፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ "አንዳችሁ እንኳ አንድ ቀን ተው ብላችሁኝ ታውቃላችሁ? እኔ እኮ ደስ ያላችሁ መስሎኝ ነው" አለ። "ያን ቀን እንኳ ፍረጂ ብዬሽ ነበር። መልስለት ብትይኝ ምን አደርግ ነበር? እመልስለት ነበር እኮ!"

 እውነቱን ነው። የኔአለም ሌሊቱን እያሰበች፣ ነገሩ ይኼን ያህል ቀላል መሆኑ ከሁሉም በላይ አቃጠላት። ከባድ ቢሆን ኖሮ፣ እንዳላማው ዱላ ቢያነሣ ኖሮ፣ "ምን ላድርግ፣ አቅም አልነበረኝም" ብላ ራሷን ይቅር ትል ነበር። አሁን ምን ትበል? አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው፤ ያንን ቃል የምታውቀው ደግሞ እሷ ነበረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ መሄዱን ትታ አማኑኤል ወረደች። አክስቷ ሥራነሽ ከሩቅ ስታያት ሮጣ አቀፈቻት። "የኔአለሜ! ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ። ባዘዘው ያላነሳሽ ቀን የለም። ዳቦዋን እየከፈለች ትሰጠኝ ነበር ብሎ ነገረኝ" እያለች ጉንጭዋን ሳመቻት።

"ለምን ተመለስኩ አለ?" አለች የኔአለም፤ ዓይን ዓይኗን ማየት አቅቷት።

"ትምህርቱ አልገባኝ አለ ነው የሚል። እኔማ አንቺ ታስጠኚዋለሽ ብዬ ነበር። ምን ታደርጊ፣ የሱ ዕድል ነው። አባቱም የሚያግዘው ሰው አጥቶ ነበርና ዝም አለው። አውድማ ነው፣ ሂጂ አግኚው፣ ደስ ይለዋል።"

አውድማው ከቤቱ ጓሮ ነው። ባዘዘው ጤፍ ላይ በሬዎቹን እያዞረ ነበር። ሲያያት በሬዎቹን አቆመና "እንዴት ዋልሽ" አላት። እንደ ድሮው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። የኔአለም ስትመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"እንዳላማው ቁልፉን መለሰ" አለች በችኮላ። "ሁሉም ነገር ቀረ። ማንም ማንንም አያዝም። ክፍልህ ባዶ ነው፣ እማሆይ ለሌላ አላከራዩትም። እንዳላማው ራሱ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ ካላመንክ እዚህ ድረስ ይዤው እመጣለሁ። ተነሥ፣ እንሂድ።"

ባዘዘው በአለንጋው ጫፍ መሬቱን ይጭር ጀመር። "እንዳላማውንማ ምን አድርግ ትይዋለሽ፣ እሱ ተጫወተ" አለ። ከዚያም፣ "እኔ እሱን አልነበረም የምጠብቅ" አለ። "ጠዋት ጠዋት እንዴት አደራችሁ ብዬ የምቆም አንቺን ስጠብቅ ነው። ዛሬ ትመልስልኛለች፣ ዛሬ ትመልስልኛለች እያልኩ።"

የኔአለም አለቀሰች። "ይቅር በለኝ" አለችው። "ይቅር ብዬሻለሁ" አላት ወዲያው፤ ከልቡ ነው ያላት፣ ፊቱ ላይም ቂም የሚመስል ነገር አልነበረም። ቢሰድባት ትመርጥ ነበር።

"ከሆነ ትመለሳለህ?"

አይሆንም በሚል ራሱን ነቀነቀና በሬዎቹን እንደገና ነዳ። የኔአለም ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። መንሽ አነሣችና ጭዱን ከጎኑ ትገለብጥ ጀመር። ሂጂም አላላት፣ ቆዪም አላላት፤ ሲደክማት ውሃ አቀበላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገድ ድረስ ሸኛትና ሚኒባሱ ሲነሣ እጁን አወዛወዘላት። ባዘዘው በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት አልመጣም፤ በከርሞውም አልመጣም።